ከፒያሳ እስከ ላንጋኖ አሸዋ

አራዳ ተወልዶ ያደገ ሰው ባሕርን በመጀመሪያ ያየው በሲኒማ ነው። በሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም በአምፒር ሸራ ላይ የሜዲትራኒያን ሕፃናት በነጭ አሸዋ ሲቦርቁ ተመልክቶ፣ ከዚያ ወጥቶ በፒያሳ ዳገት በዝናብ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው። ቀድሞ አቅም ያለው ምጽዋ ወርዶ በጉርጉሱም አሸዋ ላይ ይዝናና ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ግን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ አሸዋ ያማረው የአዲስ አበባ ቤተ ሰብ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ነው።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ ቀድሞ ዝዋይ ትባል በነበረችውም በባቱ በኩል አድርጎ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስትል ሐይቁ ግን 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ጧት በጊዮርጊስ አጠገብ ሹራብ ደርቦ የተነሣ ሰው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያወልቀዋል። የግል መኪና የሌለው በሻሸመኔ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከባቱ በኋላ ከዋናው መንገድ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ እስከ ውሃው ጥቂት ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ ሕፃን የያዘ ሰው ይህን በእግሩ ባይሞክረው ይሻላል።

የሐይቁ ቀለም አዲስ እንግዳን ቅር ያሰኛል፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቆሻሻ ሆኖ አይደለም፤ እጅግ የላመ ደለል በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ስለሚኖር ነው። (ነጭ የዋና ልብስ ለሚወዱ ግን አዝናለሁ።) ሐይቁን ያስወደደው ደግሞ መልካም ስሙ ነው፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዳር ሲገኙ፣ ላንጋኖ ከዚህ በሽታ ነጻ ነው እየተባለ ይነገርለታል።

ለወላጅ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ውሃው ስለማያሳይ፣ ጭንቅላቱ አንዴ የጠለቀ ሕፃን በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ለቆመ አባት እንኳ አይታየውም። የባሕር ውሃ በጨው ብዛት ሰውነትን ትንሽ ደገፍ ያደርጋል፤ ላንጋኖ ይህን ውለታ አይውልም። በአንድ ቅዳሜ እዚያ ሳለሁ ሦስት ልጆች ይዞ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ልጆቹ ልብሳቸውን ሳያወልቁ በፊት አንዱን ባለጀልባ ጠርቶ፦ «ወንድሜ፣ ጥልቅ የሚሆነው ከየት ነው?» ሲል ጠየቀው።

«እስከዚያች እንጨት ድረስ ወገብ አይሞላም ጋሼ፤ ከዚያ ወዲያ ግን እኔም ልጄን አልሰድም።»

ሰውየው ሱሪውን ጠቅልሎ ከእንጨቷ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ሚስቱ ከዳር ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ምሳ አትበላም?» ብትለው «እዚሁ አምጪልኝ» አለና እንጀራውን ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ በላ። በዳርቻው የነበርነው ሁሉ ሳቅን፤ እኔ ግን ከሁላችንም ብልህ እርሱ እንደ ነበር አምናለሁ። ልጆቹ እንደ ልባቸው ሲንቦራጨቁ ዋሉ፤ ትንሿ አሸዋውን በጣሳ እየሞላች «ጊዮርጊስን ሠራሁ» ትል ነበር።

ስለ ወጪ ካነሣን፣ ከዳርቻው የሚበዛው ጥሩ አሸዋ በመዝናኛ ቤቶች አጥር ውስጥ ነው፤ ማደሪያም ባይከራዩ የመግቢያ ዋጋ ይጠየቃል። ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ሰው ዋጋውን አስቀድሞ በስልክ ይጠይቅ፤ ሁለት ሦስት ቤተ ሰብ ሆኖ አንድ ሚኒባስ መከራየትም ብዙ ያቀልለታል። የሐይቁ ውሃ ስለማይጠጣ የመጠጥ ውሃ፣ ከፀሐዩም የተነሣ ለልጆች ባርኔጣ መያዝ ግድ ነው። ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ነፋስ ይነሣና ሐይቁ ይናወጣል፤ ልጆች መዋኘት ያለባቸው በጧቱ ነው።