የዳነ በሬ

ነገሩ የመኪና ነው። ርእሱን ያየ አንድ ጓደኛዬ «ደግሞ ስለ ገበሬ ልትጽፍ ነው?» ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ፤ በሬው ኋላ ይመጣል። ሲመጣም ቢሮ ለቢሮ ስንዞር ያላገኘነውን መልስ ይዞ ይመጣል።

አባቴ ሲሞት ለእናቴና ለሦስታችን ልጆች የተወልን ሀብት አንዲት ሚኒባስ ነበረች። ቶዮታ፣ ኮድ 3፣ ከአሰበ ተፈሪ ሂርና፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቁልቁል ሚኤሶ ድረስ የምትሠራ። ከተማችን ጭሮ ከተባለች ቆይቷል፤ ረዳቱ «ጭሮ! ጭሮ!» እያለ ሲጣራ አባቴ መሪውን ይዞ «አሰበ ነው» ይል ነበር፤ ተሳፋሪው በሁለቱም ስም ይገባል። በ2009 ዓ.ም. በ560 ሺህ ብር ነው የገዛት፤ ግማሹ የዕቁብ፣ ግማሹ የብድር። እኔን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰችኝ እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንም።

ከተዝካሩ በኋላ እናቴ «ሹፌር የሚነዳው መኪና ለባለቤቱ የሚደርሰው ወሬው ብቻ ነው» አለችና ለመሸጥ ተስማማን። ከሽያጩ የአባቴ ቀሪ ዕዳ ይከፈላል፤ እኅቴ የነርስነት ትምህርቷን ትጨርሳለች፤ በቀረው ጓሯችን ውስጥ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ይሠራሉ። እናቴ ከዚህ ሌላ ጡረታ የላትም። መስከረም 2015 አንድ የገለምሶ ሰው መጥቶ አየ፣ ነድቶ ሞከረ፣ ከደላላው ጋር ሲከራከር ውሎ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ላይ ቆመ። «ቡናዬን ልልቀምና ጥር ላይ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

ጥቅምት ላይ ሂርና መግቢያ ቆማ ሰው ስታወርድ፣ ባዶውን ይመለስ የነበረ አይሱዙ ከኋላ ገባባት። እግዜር ይመስገን ሰው አልሞተም። አንዲት እናት ክንዳቸው ተላጠ፤ የአንድ ገበሬ የዶሮ ቅርጫት ተጨፈለቀ። የኋላ በሩ ግን ወደ ውስጥ ታጥፎ የመጨረሻውን ወንበር ነክቶ ነበር።

ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ለካ፣ ጻፈ። ጥፋቱ የአይሱዙው ሹፌር መሆኑን ፕላኑም ሪፖርቱም ይናገራል። የአይሱዙው መድን ድርጅት ብዙ ሳይዘገይ 84 ሺህ ብር የጥገና ወጪ ከፈለ። ያኔ ይሠራበት የነበረው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100 ሺህ ብር ነበርና «ከጣሪያው በታች ነው፣ ተመስገን» አልን። ባትላሜራው ሦስት ሳምንት ቀጠቀጠ፤ ስቱኮ ለጠፈ፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፤ ቀለም ረጨ። ስትወጣ ሙሽራ መስላ ነበር። ቦሎዋንም ያለ ችግር አገኘች።

ጥር ላይ የገለምሶው ሰው እንደ ቃሉ መጣ። አብሮት መካኒክ ነበር። መካኒኩ ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አወጣ። ማግኔቷ በጎኗ በኩል ላሜራውን ጭብጥ እያደረገች ሄደች ሄደችና የኋላ በሩ ላይ ስትደርስ ሸርተት ብላ መሬት ወደቀች። ደግሞ በጣቱ አንኳኳ፤ ድምፁ የቆርቆሮ ሳይሆን የጭቃ ግድግዳ ነው። «ኩን ሩኩታሜራ» አለ። ይህ ተመቷል ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተሩ ያነሣ ሰው አልነበረም።

1 ሚሊዮን 300 ሺህ። ያው ሰው፣ ያችው መኪና፣ በአራት ወር ውስጥ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ 300 ሺህ ብሩን ማን በላው? ባትላሜራው ሥራውን አላጎደለም። ገዢው አላታለለም። መድን ድርጅቱ የጠየቅነውን የጥገና ወጪ ሳንቲም ሳያስቀር ከፍሏል። ሁሉም ንጹሕ ነው፤ ገንዘቡ ግን የለም።

ተነሥተን ወደ መድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሄድን። የተቀበለን ወጣት ሠራተኛ ትሑት ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠን፣ አዳመጠን። «የተጎዳው ተጠግኗል። የገበያ ዋጋ ወረደ ለሚል ጥያቄ የምንከፍልበት መስመር የለንም» አለ። ታላቅ ወንድሜ አለቅም ሲለው የግዢ ውሉን አገላበጠና «ደግሞስ በ560 ሺህ ገዝታችሁ በ1 ሚሊዮን 300 ልትሸጡ ነው። አተረፋችሁ እንጂ የት ላይ ነው የከሰራችሁት?» አለን። ወንድሜ መልስ አጣ። እኔም አጣሁ።

ይህችን አነጋገር ብዙ ቀን ይዣት ዞርሁ። አንባቢዬም ለአፍታ ቆም ብሎ ቢያያት እወዳለሁ፤ ላይ ላዩን እውነት ትመስላለችና። በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል፤ በእኛ ሀገር ግን እያረጀ ይወደዳል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን በከባድ ታክስ ቀጣ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። እንዲህ ባለ ሀገር ጓሮ የቆመ መኪና እንኳ ቆሞ ሳለ ዋጋው ይወጣል።

ግን ይህ ጭማሪ እንደ ዝናብ ነው፤ በሁሉም ማሳ ላይ ይዘንባል። ጎረቤቴ ከብቱን ለቆ ማሽላዬን ቢያስበላብኝና «ዘንድሮ እኮ ዝናቡ ጥሩ ነው፤ የቀረህ ራሱ ከአምናው ይበልጣል» ቢለኝ፣ ካሠኝ ማለት ነው? መመዘን ያለባት የዛሬዋ መኪና ከ2009ኟ ጋር አይደለም። የዛሬዋ የተመታች መኪና ከዛሬዋ ያልተመታች እኅቷ ጋር ነው። ልዩነቱ የእኛ ጉዳት ነው። ይህን ለዚያ ወጣት መመለስ የነበረብኝ ያን ዕለት ነበር፤ የመጣልኝ ግን ማታ አልጋ ላይ ነው።

የሕግ ተማሪ ጓደኛዬን ይዤ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጥን፤ ያ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት ማለት ነው። አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። አንቀጽ 2091 ደግሞ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል። ልብ በሉ፤ «ከጥገናው ወጪ ጋር» አላለም፣ «ከጉዳቱ ጋር» ነው ያለው። ጉዳቱን በትክክል መገመት ካልተቻለም ዳኞች በርትዕ እንዲቆርጡ አንቀጽ 2102 ይፈቅድላቸዋል። ጊዜው ግን ሁለት ዓመት ነው፤ አንቀጽ 2143 ከዚያ በኋላ በሩን ይዘጋዋል።

ነገሩም እኛ የፈጠርነው ፈሊጥ አይደለም። በጀርመን የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1961 እ.ኤ.አ. ባለመኪናው መኪናውን ባይሸጠውና እየነዳው ቢቀጥል እንኳ በገበያ ላይ የጎደለው ዋጋ ካሣ ይገባዋል ብሏል። በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. መድን ሰጪዎች ለገዛ ደንበኞቻቸው ጭምር ይህን ጉድለት መገመት እንዳለባቸው ወስኗል።

ይህን ሁሉ አንብበን ስናበቃ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። መድን ድርጅቱ እሺ ቢለን እንኳ ከጣሪያው የቀረው 16 ሺህ ብር ነው። የቀረው ጥያቄ የሚሄደው ወደ አይሱዙው ባለቤት ነው።

አሰበ ተፈሪን የቆረቆሯት የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ የሕግ ሰው የሠራት ከተማ ናት። ቢሆንም በእኛ አገር ከክስ ሽማግሌ ይቀድማል። እናቴ «አንቀጹን ያዘው፣ አይጠፋም። መጀመሪያ ሰው እንላክ» አለች። መጋቢት ላይ አራት ጃርሳ ቢያ ተቀመጡ።

የአይሱዙው ባለቤት ነጋዴ ነው፤ አስቸጋሪ ሰው አይደለም፤ ግን ነገር ያውቃል። በመጀመሪያ «ሁለት መኪና ከተጋጨ ግማሽ ግማሽ ነው» አለ። እውነትም አንቀጽ 2084 የሚጀምረው እንደዚያ ነው፤ ሆኖም ጥፋቱ የአንዱ ሹፌር ብቻ መሆኑ ከታወቀ ግማሽ የሚባል ነገር እንደማይኖር እዚያው ይናገራል። የፖሊሱን ሪፖርት አሳየን። ከዚያ ወደ ዋናው ነገር መጣ። «ተሠርታለች፤ ትሄዳለች፤ ትጭናለች። ምን ቀራት?»

እኔ ስለ 2091 ልናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ በከዘራቸው ዝም በል አሉኝና ወደ ሰውዬው ዞሩ።

«ሰንጋ ታደልባለህ?»

«አደልባለሁ።» ሐረርጌ ውስጥ ይህ አይጠየቅም፤ የሐረር ሰንጋ ከባለቤቱ ጋር አንድ ቤት አድሮ በእጅ እየጎረሰ ነው የሚያድገው።

«እግሩ ተሰብሮ የዳነ በሬ፣ ያርሳል ወይ?»

«በደንብ ከዳነ ያርሳል።»

«ሥጋው ይጎድላል ወይ?»

«አይጎድልም።»

«ካልተሰበረው እኩል ትገዛዋለህ ወይ?»

ሰውዬው ሣቅ አለ። «አልገዛም።»

«ለምን?»

«ነገ ምን እንደሚሆን ምን አውቃለሁ?»

«በል እንግዲህ፣ ያ ‹ምን አውቃለሁ› ዋጋ አለው። ልጆቹ የሚጠይቁህ እሱን ነው።»

እኔ በሁለት ሳምንት ንባብ ያልደረስሁበትን ሽማግሌው በአምስት ጥያቄ ጨረሱት። ለካ የጎደለው ብር የብረት ዋጋ አይደለም፤ የፍርሃት ዋጋ ነው። ባትላሜራ ብረት ያቃናል፤ የገዢን ልብ ግን አያቃናም።

ሽማግሌዎቹ 200 ሺህ ቆረጡ። «የመስከረሙ ዋጋ ቃል ነበር እንጂ የተቆጠረ ብር አልነበረም፤ ገዢም በማግኔት ያስፈራራል» ብለው 100 ሺህ ቀነሱ። ነጋዴው 150 ሺህ ያኔውኑ፣ 50 ሺህ ከሁለት ወር በኋላ ከፈለ። ተሳሳምን።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ባልጻፍሁት። ሰኔ ላይ ደላላው እየሮጠ መጣ። የድሬዳዋ ሰው አግኝቷል፤ መካኒክ የለውም፤ ማግኔት የለውም፤ ቀለሟን አይቶ ወዷታል፤ 1 ሚሊዮን 580 ሺህ ይከፍላል። «አፋችሁን ብቻ ያዙልኝ» አለ።

ወንድሜ ፊቱ በራ። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሸጠው። እኛ ብቻ ምን ሆነን?» አለ። እኔ ዝም አልሁ። ልናዘዝና፣ ዝምታዬ የወንድሜ ወገን ነበር። ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ መሆኑን አንቀጽ 2287 ላይ አንብቤዋለሁ፤ ጉዳትና ካሣ እኩል ይሁኑ እያልሁ ከተማውን ያዞርሁ ሰው ነኝ፤ ያቺን ሰዓት ግን የታየኝ የሁለተኛው ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ ነው።

እናቴ ቡና እየቀዳች ነበር። ቀና ሳትል «ያን 200 ሺህ የተቀበልነው ምን ብለን ነው?» አለች።

ማንም አልመለሰላትም።

«ተመታች ብለን ነው። አሁን ደግሞ አልተመታችም ብለን ልንሸጥ ነው? ከሁለት አንዱን ምረጡ። ብሩን ለነጋዴው መልሱና ዝም በሉ፤ ወይም ብሩን ያዙና ተናገሩ።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ብንደብቅ ኪሳራው አይጠፋም፤ ከእኛ ትከሻ ወርዶ የድሬዳዋው ሰው ትከሻ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ ደግሞ ለሌለብን ሸክም የተሸካሚ ዋጋ እንደበላን እንቀራለን። እናቴ 2091ን አንብባ አታውቅም። ከእኔ ይልቅ ግን አጥብቃ ይዛው ነበር።

ለድሬዳዋው ሰው ራሴ ደወልሁለት። አመስግኖኝ ሌላ መኪና ገዛ። ደላላው እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። ሚኒባሷን የገለምሶው ሰው በ1 ሚሊዮን 320 ሺህ ወሰዳት። ከሽማግሌዎቹ 200 ሺህ ጋር 1 ሚሊዮን 520 ሺህ መሆኑ ነው፤ 80 ሺህ ጎደለ። ዕዳው ተከፈለ፣ እኅቴ ጨረሰች፣ ክፍሉ ግን አንድ ብቻ ሆነ። የሁለተኛው መሠረት ድንጋይ ጓሮ ውስጥ እንደተከመረ ነው፤ ዶሮዎች ይወጡበታል።

በቀጣዩ ክረምት ለዕረፍት ስሄድ መናኸሪያው ላይ አየኋት። ከኋላ በሯ ላይ ስቱኮው ተሰንጥቆ ቀለሙ እንደ ደረቀ ቅጠል ተነሥቷል። ሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠው አዲሱ ባለቤት አየኝ። ስንጥቁን ማየቴንም አየ። መካኒኩ በማግኔት የነገረውን እኛም በአፋችን አልደበቅነውም ነበርና፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ «እናትህ ደኅና ናቸው?» አለኝ።

«ደኅና ናቸው» አልሁት። ረዳቱም «ሂርና! ሂርና!» እያለ በሩን ዘጋ።