በቴሌቪዥን ፊት መዝለል እውን ስፖርት ነውን?



«ልጆቻችን ቴሌቪዥን ፊት ተጎልተው ጣታቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ይውላሉ» የሚለው ሮሮ በየቤቱ የሚሰማ ነው። ይህን ሮሮ ዝም የሚያሰኝ የሚመስል ነገር ግን ከመጣ ሰንብቷል። ይኸውም ተቀምጠው ሳይሆን ቆመው፣ በጣት ሳይሆን በእግርና በክንድ የሚጫወቱት የቪዲዮ ጌም ነው። ሻጩ «ጌምም ነው፣ ስፖርትም ነው» ይላል። ልጅ ይህን ሲሰማ ይፈነድቃል፤ ወላጅ ደግሞ ኪሱን ይዳብሳል። ታዲያ ነገሩ እውነት ነውን? ወይስ ተጎልቶ መዋልን በሌላ ስም መጥራት ነው?

እኛ ቤት ይህ ጥያቄ የተነሳው በጨዋታ ፍቅር አልነበረም። እናታችን የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከተነገራቸው ቆይቷል። ሐኪማቸው ከመድኃኒቱ ጋር በየቀኑ እንዲንቀሳቀሱ አጥብቆ ነግሯቸዋል። ነገር ግን የምንኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ሲወርዱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከታች ያለው መንገድ መኪናና ኮብልስቶን እንጂ የእግረኛ መሄጃ የለውም፤ ወንዶች ያሉበት ጂም መግባት ደግሞ ለእሳቸው የሚታሰብ አይደለም። «እኔ ከሶላቴ ሌላ ምን ስፖርት አለኝ?» ይሉን ነበር። ጅዳ የሚኖረው ወንድማችን ለእረፍት ሲመጣ ከነመሣሪያው ሪንግ ፊት አድቬንቸር የተባለውን ጌም ይዞላቸው መጣ። ያን ቀን ቤታችን በሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን «አልሐምዱሊላህ፣ መላ ተገኘ» አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «በዚህ ገንዘብ ስንት ነገር ይሠራ ነበር! ገመድ መዝለል ምን አነሰው?» አልን። ክርክሩን ለማብረድ ያለን አማራጭ ነገሩን መመርመር ነበር።

ከየት የመጣ ነው?

ጌሙ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 በእግር እየረገጡ የሚጫወቱትን የዳንስ ጌም አወጣ። ሶኒ በ2003 የተጫዋቹን እንቅስቃሴ በካሜራ የሚከታተለውን አይቶይ አስከተለ። ነገሩ በዓለም ዙሪያ የገነነው ግን ኒንቴንዶ በ2006 ዊ የተባለውን መሣሪያ ሲያወጣ ነው። በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ እንደ ራኬት እያወዛወዙ ቴኒስ መጫወት ተቻለ። በ2007 ደግሞ ዊ ፊት የተባለው፣ ላዩ ላይ ቆመው ሚዛን የሚጠብቁበት ሰሌዳ ያለው ጌም በጃፓን ወጣ። ማይክሮሶፍት በ2010 ኪኔክትን አመጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ማምረቱን አቆመ።

እኛ ቤት የገባው ሪንግ ፊት የወጣው በ2019 ነው። በሁለት እጅ የሚጨመቅና የሚለጠጥ ቀለበት አለው፤ ሌላው መቆጣጠሪያ በማሰሪያ ጭን ላይ ይታሰራል። ተጫዋቹ በቆመበት ሲሮጥ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው ይሮጣል፤ ቁጭ ብድግ ሲል፣ ቀለበቱን ሲጨምቅ ጠላቱን ይመታል።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው «በጨዋታው ሰዓት ሰውነት ይሠራል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ከወራት በኋላ ሰውዬው ጠንክሮ ይገኛል ወይ?» የሚል ነው። ሻጮች የመጀመሪያውን መልስ ይዘው ለሁለተኛው እንደመለሱ ያስመስላሉ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አዎን ነው። በእንግሊዝ የሊቨርፑል ጆን ሙርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ13 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን 11 ልጆች ፈትነው በ2007 ያወጡት ጥናት አለ። ልጆቹ በዊ ሲጫወቱ ያወጡት ጉልበት ተቀምጠው ከሚጫወቱት ጌም በግልጽ ይበልጥ ነበር፤ እውነተኛውን ስፖርት ግን አላከለም። አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ሌላ ልኬትም ይህንኑ ያሳያል። በዊ ቦክስ የተጫወተ ሰው በደቂቃ 7.2 ካሎሪ ገደማ አቃጠለ፤ ከሰው ጋር ቦክስ የሚለማመድ ግን 10.2 ገደማ ያቃጥላል። በቴኒስም ልዩነቱ 5.3 ለ8.1 ነበር።

የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ነው። በእውነተኛው ቴኒስ ኳሷ ወደ ሄደችበት መሮጥ ግዴታ ነው። በጌሙ ግን ሩጫውን የሚሮጥልን ሥዕሉ ነው። መሣሪያው የሚያውቀው የያዝነውን መቆጣጠሪያ እንጂ መላ አካላችንን ስላልሆነ ሶፋ ላይ ተደግፎ በእጅ አንጓ ብቻ ማሸነፍ ይቻላል።

ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግን ልብን ቀዝቀዝ ያደርጋል። በሂዩስተን ከተማ የቤይለር ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከ9 እስከ 12 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ዊ ሰጧቸው። ለግማሾቹ የሚያንቀሳቅስ፣ ለግማሾቹ ተቀምጠው የሚጫወቱት ጌም ነበር። «ይህን ያህል ተጫወቱ» ያላቸው ግን አልነበረም። ልጆቹ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መለኪያ አድርገው ለ13 ሳምንታት ሲታዩ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱ የወጣው በ2012 ነው። በኒውዚላንድ ደግሞ ክብደት በበዛባቸው 322 ልጆች ላይ ለ24 ሳምንታት የተደረገና በ2011 የወጣ ጥናት የክብደት ልዩነት ቢያገኝም ልዩነቱ ትንሽ ነበር።

ነገሩ ተስፋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት በ46 ልጆች ላይ በተደረገና በ2018 በወጣ ሌላ ጥናት ልጆቹ መርሐ ግብር ወጣላቸው፤ ቤተሰብም አብሯቸው ተሰለፈ፤ አሠልጣኝም በቪዲዮ እየደወለ ተከታተላቸው። በዚህ ጊዜ እንቅስቃሴያቸው ጨመረ፤ ክብደታቸውም ተሻሻለ። እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው ሣጥኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ልብ እንበል።

በቤታችን ያየነው

እኛም ያየነው ከዚህ የራቀ አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ በተራ ተጣሉ። በሁለተኛው ሳምንት አንደኛው አልጋ ላይ ተቀምጦ ማሰሪያው ያለበትን እግሩን ብቻ እያንቀጠቀጠ «ሲሮጥ» ተገኘ። አንድ ወር ሳይሞላ ጌሙን በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የሚያስታውሰው ጠፋ። ከሕንፃው በታች ኳስ ሲመታ ድምፁን የሰሙ ጊዜ ግን የሚያግዳቸው አልነበረም። እኛም አላዘንንም። ልጅ ጓደኛ፣ ሜዳና ኳስ ካገኘ ጌሙ ምን ይጨምርለታል?

እናታችን ግን ቀጠሉ። ከዐስር ሶላት በኋላ 20 ደቂቃ ያህል የእሳቸው ሰዓት ሆነ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ «እማማ፣ አሁን ቀለበቱን ወደ ውስጥ ይጫኑት፤ ማሻአላህ፣ አሁን ይልቀቁት» ትላቸዋለች። ጉልበት የሚያጥፈውን እየዘለሉ የክንዱንና የሆዱን መረጡ። ከታች ያሉት ጎረቤታችን «ጣሪያዬ ምነው?» ባሉ ጊዜ ሩጫውን ወደ ዝምተኛው ስልት ለወጥነው፤ በእሱ መሮጥ ቀርቶ በቀስታ ጉልበት እጠፍ ዘርጋ ነው የሚባለው። ይህም ለጉልበታቸው ስለከበደ ወንበር ይዘው ትንሽ ትንሽ ብቻ አደረጉት።

ከሁሉ ያስገረመን መብራት የጠፋ ዕለት ያየነው ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ጨልሞ ሳለ እናታችን ተነስተው ወንበሩን ያዙና ያንኑ እንቅስቃሴ ጀመሩ። የልጅ ልጃቸውም እንደ ልማዷ ትቆጥርላቸው ነበር። ጌሙ የሰጣቸው ትልቁ ነገር ሰዓትና ጓደኛ መሆኑ የገባን ያን ጊዜ ነው።

ከአራት ወር በኋላ ምን ተገኘ? ቀድሞ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለት ቦታ ቆመው ያርፉ ነበር፤ አሁን አንድ ጊዜ ያርፋሉ። ሐኪሙም በስኳራቸው መጠን ላይ መሻሻል አይቷል። ይህ ከመድኃኒቱ ይሁን፣ ከምግቡ ወይም ከእንቅስቃሴው ለይቶ መናገር ግን ስለማይቻል ለጌሙ ብቻ አንሰጠውም። የሚታወቀው የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር እየወሰደ የሚጠቀም መሆኑ ነው። ጡንቻው ደግሞ ያንቀሳቀሰው ጌም ይሁን መጥረጊያ አይጠይቅም።

ለመግዛት ለምታስቡ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ፣ አዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑት ሚዛን የሚያጠነክር ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ቢጨምሩ ከመውደቅ ይጠብቃቸዋል። እንቅስቃሴው መካከለኛ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየተንቀሳቀሱ መነጋገር ከተቻለ፣ ነሺዳ ማለት ግን ትንፋሽ ካሳጠረ ደርሷል ማለት ነው። ቀለል ያለው ጌም ብዙ ጊዜ እዚህ አይደርስም፤ ጠንከር ያለው ግን ይደርሳል።

በመሆኑም መራመድ ለሚችልና መንገድ ላለው ሰው መራመድ ይበልጣል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ሪንግ ፊት ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው ወደ 80 ዶላር ሲሆን፣ የሚጫወቱበት ስዊች ደግሞ ሲወጣ 300 ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከቤት መውጣት ለከበዳቸው አዛውንት፣ ሒጃቧን ጠብቃ የምትለማመድበት ቦታ ላጣች እህት፣ ወይም ሐኪም ሚዛኑን እንዲያጠነክር ላዘዘው ሰው ግን መሣሪያው ቤት ካለ ማገዙ አይቀርም። ሙዚቃውን የማይወድ ሰው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቶ መጫወት ይችላል። ሰዓቱ ከሶላት እንዳይጋጭ ግን አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

ጥንቃቄም ያሻል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው በእንቅስቃሴ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድበት ስለሚችል ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር፤ ሲጀምርም ጣፋጭ ነገር አጠገቡ ያኑር። ከልክ በላይ መጫወትም ይጎዳል። በ2007 አንድ ሐኪም ዊ ላይ ለሰዓታት ቴኒስ ተጫውቶ የትከሻው ጅማት መታመሙን በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፏል።

ውድ ቤተሰቦች፣ ሰውነታችን አማና ነው፤ በእኛ ላይም ሐቅ አለው። ይህን ሐቅ ገዝተን በሣጥን የምናመጣው አይደለም። እናት ወይም አባት ቤት ውስጥ ታመው እያሉ መሣሪያ ገዝቶ ሰጥቶ መሄድ ቀላል ነው፤ በየቀኑ 20 ደቂቃ አጠገባቸው ቆሞ መቁጠር ግን ይከብዳል። ጥቅሙ የሚገኘው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። አላህ ለወላጆቻችን ዓፊያውን፣ ለእኛም አብረናቸው የምንቆምበትን ሶብር ይስጠን። አሚን።