ከጊቤ እስከ ማንኪራ

ምዕራብ አፍሪካን ከሴኔጋል እስከ ቤኒን በየብስ ያቋረጡ ተጓዦች የጻፉትን ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። ድንበር በተሻገሩ ቁጥር ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ ማዕድ፣ ሌላ የነገሥታት ታሪክ ይጠብቃቸዋል። ወደ ካፋ ስነሳ ልቤ ውስጥ የነበረው ጥያቄ ከዚሁ የመጣ ነው፦ እንዲህ ያለውን ጉዞ እኛው አገር ውስጥ ማድረግ አይቻልም ወይ? ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ ያለው መንገድ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ በዚሁ አቅጣጫ የወረደ ነጋዴ የየራሳቸው ንጉሥ፣ ኬላና ገበያ ያላቸውን መንግሥታት አንድ በአንድ እያለፈ፣ በየኬላውም ቀረጥ እየከፈለ ነበር የሚሄደው። እኛ ያን ሁሉ አገር በአስፋልት እንበርበታለን፤ የት ገብተን የት እንደወጣንም ሳናውቅ እንደርሳለን። እኔ ቀስ ብዬ ለመሄድ ወሰንኩ። ጊዜው ኅዳር ነበር፤ የቡና ለቀማ ሰሞን።

ወልቂጤን አልፈን የጊቤን ቁልቁለት ስንያያዘው የሚኒባሱ መስኮቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሸለቆው ሞቃት ነው፣ ግራር የሞላበት። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ አበልቲ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ይመለሳል። አጠገቤ የተቀመጡት በዕድሜ የገፉ ሰው የየም ተወላጅ ናቸው። ወደ ሳጃ ስንቃረብ በስተግራ በኩል ያሉትን ተራሮች እያሳዩኝ ስለ ቦር ተራራ ያጫውቱኝ ጀመር። የየም ሕዝብ በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቀን ወደ ቦር ወጥቶ የመድኃኒት ዕፅዋት ይለቅማል፤ ሥሩ፣ ቅጠሉ፣ ቅርፊቱ ከየዓይነቱ ተሰብስቦ ይቀመምና ለዓመቱ ይቀመጣል። ሥነ ሥርዓቱን ሳሞ ኤታ ይሉታል። "ልጄ፣ በዚያ ቀን የተነቀለው ነው መድኃኒት የሚሆነው፤ በሌላ ቀን ብትነቅለው ያው ቅጠል ነው" አሉኝ። የየም ንጉሥ ዙፋን የወደቀው በ1880ዎቹ ነው። ጥቅምት 17 ግን ዛሬም ቀጠሮው አልተሰረዘም፤ መንግሥታት ሲያልፉ ምን እንደሚቀር እያሰብኩ ጅማ ገባሁ።

ጅማ ያደርኩት የጅሬንን ኮረብታ ለማየት ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት የእንጨት ቤተ መንግሥት ከከተማው በላይ፣ በሰፊ በረንዳው ወደ ሸለቆው ተመልክቶ ቆሟል። አባ ጅፋር ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ፤ ጅማም እስከ 1924 ዓ.ም ድረስ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ቆየች። ከኮረብታው በታች የነበረው የሂርማታ ገበያ በዘመኑ በአካባቢው ስሙ የገነነ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የመጣው ዝባድ፣ ኮረሪማ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና በዚያ ያልፍ ነበር። ባሪያም ያልፍ ነበር። ስለ ጥንቱ የቅመምና የቡና ንግድ በደስታ የምንጽፍ ሰዎች ይህን የመጨረሻውን ዘለን ማለፍ አይገባንም፤ በዚያ መንገድ ተነድተው የሄዱት ሰዎች ብዙዎቹ እኔ ወደምሄድበት ከጎጀብ ማዶ ካለው አገር የተወሰዱ ነበሩ።

ከጅማ በኋላ ሸቤን አልፎ መንገዱ እንደገና ይወርዳል። ጎጀብ ወደ ኦሞ የሚገባ ወንዝ ነው፤ የካፋ መንግሥትም የተፈጥሮ አጥሩ ነበር። ወንዙ አልበቃ ባለበት ሁሉ ካፋዎች ጥልቅ ቦይ ቆፍረው፣ በየመግቢያው በር ሠርተው፣ ዘበኛ አቁመው ድንበራቸውን ይጠብቁ ነበር። ንጉሡን ማንም ተራ ሰው በዓይኑ አያየውም፤ አገሩን የሚያስተዳድረው ሚክሬቾ ከሚባለው የአማካሪዎች ጉባኤ ጋር ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ምኒልክ የላኩትን የራስ ወልደ ጊዮርጊስን ጦር ለወራት ከተከላከለ በኋላ በመስከረም 1890 ዓ.ም መጀመሪያ ተማረከ። ከ20 ዓመት በላይ በግዞት ኖሮ፣ አገሩን ዳግመኛ ሳያይ ሞተ።

ጅማ በስምምነት፣ ካፋ በጦር ወደ ምኒልክ ግዛት ገቡ። ልዩነቱን መንገደኛም ያየዋል። ጅሬን ላይ ቲኬት ቆርጠህ የምትገባበት ቤተ መንግሥት አለ፤ ካፋ ውስጥ እንደዚያ ያለ የነገሥታት ቤት ቆሞ አይጠብቅህም። ጦርነቱና ከሱ በኋላ የተከተለው የባሪያ ፍንገላ አገሩን ክፉኛ ባዶ አድርጎት እንደነበር የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለዚህ ሁሉ የተማርኩት አንዲት ዓረፍተ ነገር አትሞላም። ይህ መታረም ያለበት ጉድለት ነው።

ቦንጋ በኮረብታ ጀርባ ላይ የተዘረጋች፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነች ከተማ ናት። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ እሷ ናት፤ ባጃጁም ግንባታውም ከዚያ ወዲህ በዝቷል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙ እዚህ ነው ያለው። ከሙዚየሙ ይልቅ እኔን የሳበኝ ቦንጌ ሻምበቶ ነው፤ በመስከረም የካፋ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን ማሽቃሬ ባሮን የሚያከብርበት ሥፍራ። ሰው ባልተሰበሰበበት ቀን ስላየሁት ያገኘሁት ሜዳና ሣር ብቻ ነው። ያስጎበኘኝ ወጣት ግን ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበትን፣ ከየአቅጣጫው የመጣው ሕዝብ የሚቆምበትን እየጠቆመ ሜዳውን ሞላልኝ።

በማግስቱ ወደ ዴቻ ወረዳ፣ ወደ ማንኪራ ሄድን፤ መጀመሪያ በሞተር፣ ቀጥሎ በእግር። የጫካ ቡና አይቼ አላውቅም ነበር። የጓሮ ቡና የለመደ ሰው ጫካ ውስጥ ሲገባ ቡናው መሆኑን ቶሎ አይለየውም። ግንዱ ቀጭን ነው፤ ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ተመዝዟል፣ ዘሟልም። ቅርፊቱ ላይ ሽበት በቅሏል። ፍሬው ጥቂት ነው፤ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ሦስት ቀይ፣ እልፍ ብሎ ሁለት አረንጓዴ። ከላይ ቀራሮና ዋንዛ ሰማዩን ሸፍነውታል፤ ከሥር ኮረሪማ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቷል፤ ጥምዝ የዛፉን እግር ተጠግቶ በቅሏል። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ የረገፈው ውሃ እኛ ላይ ወረደ።

እዚያ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ሲለቅሙ አገኘን። እሳቸው ቆልማማ እንጨት ግንዱ ላይ ጣል አድርገው ቀስ ብለው ያጎነብሱታል፤ ልጅቱ ቀዩን ብቻ እየመረጠች ወገቧ ላይ ባሰረችው ቅርጫት ትጨምራለች። ሲጨርሱ ግንዱን አይለቁትም፤ በእጃቸው ይዘው እስኪቃና ይሸኙታል። አንዱን ዛፍ ለመልቀም የሚወስድባቸው ጊዜ የእርሻ ቡና ለቃሚ አምስት ዛፍ ይጨርስበታል። አስጎብኚዬ "አባ፣ እንግዳ ነው፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው" አላቸው። እጃቸውን በልብሳቸው ጠርገው ጨበጡኝ።

"ጫካው የማነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ይህ የኔ ኮቦ ነው። አባቴ ነው ያወረሰኝ።"

"ወሰኑስ?"

"ከዚያ ከቀራሮው እስከ ወንዙ። ከወዲያ ያለው የሌላ ሰው ነው።"

አጥር የለም፣ ምልክት የለም። ግን ሁሉም ያውቀዋል። ኮቦ ያለው ሰው በድርሻው ውስጥ ቡና ይለቅማል፣ ኮረሪማ ይሰበስባል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀፎ ይሰቅላል። ሽቅብ አንጋጥጬ ሳይ ትልቁ ዛፍ ላይ በሐረግ የታሰሩ ረዣዥም ቀፎዎች ተጋድመዋል፤ የዛፉ ቁመት ከታች ሆኜ እንኳ ያዞረኛል። እሳቸው በገመድ ወጥተው፣ ሌሊት፣ በጭስ ነው ማሩን የሚቆርጡት። ገተማ የሚባለው ዛፍ ሲያብብ የሚገኘው ነጭ ማር ገበያ ላይ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ዛፎቹ የሚቆረጡ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው አስገረማቸው መሰለኝ፣ ቆም ብለው አዩኝ። "ማር የሚሰጠኝን ዛፍ እንዴት አድርጌ እቆርጠዋለሁ?"

ይህችን መልስ ይዤ ነው የተመለስኩት። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የሰውና የከባቢ ሕይወት ጥብቅ ቀጠና ተብሎ ሲመዘገብ ከ500,000 ሄክታር በላይ የሚሸፍን አገር ነው ዕውቅና ያገኘው። ዕውቅናው ጥሩ ነው፤ ለጥበቃው የሚደክሙ ሰዎችና ድርጅቶችም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ዩኔስኮ ሲመጣ ደኑ ቆሞ ነበር የጠበቀው። ያቆመው የኮቦ ሥርዓት ነው፤ ማርና ቡና ከቆመ ዛፍ የሚያገኝ ሰው ለዛፉ ዘብ ይሆናል። በወረቀት ግን ደኑ የመንግሥት ነው፤ የእኚህ አባት ወሰን በየትኛውም ካርታ ላይ የለም። ለእርሻ ኢንቨስትመንትና ለሰፈራ መሬት ሲፈለግ "ባዶ" ተብሎ የሚታየው እንዲህ ያለው መሬት ነው።

ማንኪራ ውስጥ እናት ቡና ተብሎ የሚታይ ያረጀ ዛፍ አለ፤ እሱንም አየሁ። ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚህ ነው የሚሉ ካፋዎች፣ ጮጬ ነው ከሚሉ የጅማ ሰዎች ጋር ይከራከራሉ። ቡናን አገኘ የሚባለው የፍየል እረኛ ታሪክ በጽሑፍ የወጣው ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1671 ነው፤ ጸሐፊው ጫካውን በዓይኑ አላየውም። እኔን ከክርክሩ የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የዕፅዋት ሊቁ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሉን "የዓረብ ቡና" ብሎ የሰየመው ከየመን የመጣ መስሎት ነበር። ጃቫም ላቲን አሜሪካም የተተከለው ቡና በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ዘሮች የተራባ ስለሆነ እርስ በርሱ እጅግ ይመሳሰላል፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውንም ይጥላል። ሴሎን ላይ እ.ኤ.አ. በ1869 የታየው የቅጠል ዝገት የደሴቲቱን ቡና ጨርሶ ገበሬው ወደ ሻይ ዞረ። እኛ አገር በ1963 ዓ.ም የቡና ፍሬ በሽታ ሲከሰት ግን በጅማ መልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ አገር ቡናዎች መካከል መርጦ ማውጣት ችሏል። የዓለም ቡና መድን ማንኪራና መሰሎቹ ጫካዎች ውስጥ ነው ያለው። ከቦንጋ ብዙም ሳይርቅ፣ በሚዛን መንገድ፣ የውሽውሽ የሻይ እርሻ ከ1,000 ሄክታር በላይ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ያማረ ነው፣ ለብዙ ሰውም ሥራ ሰጥቷል፤ እዚያ የነበረው ደን ግን አይመለስም።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ከማንኪራ ስንመለስ መንገድ ዳር ያለች ቡና ቤት ገባን። ቡና በጤና አዳም፣ ቆጮ በማር ቀረበልን። ከሰል ያመጣች ሴት ግን የእሷን ሲኒ የተቀበለችው ከደጃፉ ውጭ ቆማ ነው፤ ማንም ግቢ አላላትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ማንጆ ናት። ማንጆዎች ከማንም ቀድመው ጫካውን የሚያውቁ አዳኞች፣ በንጉሡ ዘመን የድንበሩን በሮች ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬም በብዙ ቦታ አብሮ መብላት፣ መጋባት፣ ከቤት ማስገባት ይከለከልባቸዋል። አስጎብኚዬ ነገሩ አሳፍሮት "እኛ ልጆቹ እየተውነው ነው፤ ትምህርት ቤት አብረን ነው የበላነው" አለኝ። አምነዋለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ነውር በባህል ስም ሊታለፍ አይገባም፤ የካፋን እንግዳ ተቀባይነት ያየሁት በገዛ ራሴ ስለሆነ ደጃፉ ለእሷም ቢከፈት ምን ያህል ይበልጥ ያምር እንደነበር አውቃለሁ።

የክልሉም ሆነ የፌዴራሉ ባለሥልጣናት ይህን ቢያነቡ አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፦ የኮቦ ባለቤቶች ወሰን ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ይመዝገብ። ለአንባቢ ደግሞ፣ ሂዱ። ከጥቅምት እስከ ጥር መንገዱ ደረቅ ነው፣ ቡናውም ይለቀማል፤ የማሽቃሬ ባሮን በዓል ማየት የምትሹ ለመስከረም ተዘጋጁ። ጅሬን ላይ ውጡ፣ ጎጀብን ስትሻገሩ መኪናውን አስቁማችሁ ውረዱ። ቦንጋ ላይ የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርጋችሁ የሚገባውን ክፈሉት፤ ማሩንና የጫካውን ቡና ከለቀሙት ሰዎችና ከማኅበራቸው ግዙ።