ለልጄ፣ ስለ አሮጌው ቆርቆሮ

ሮብ ገበያ፣ ጥር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ደብረ ማርቆስ ቤት መግዛታችሁን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ጭቃ ቤት ነው ብለሽ አትናቂው። ጣሪያው ውሃ ካላስገባ ጭቃ ግድግዳ ልጅ አሳድጎ ይድራል።

የጻፍሽልኝ ነገር ግን አሳስቦኛል። አናጢው «አሮጌውን ቆርቆሮ ማንሳት ለምን? አዲሱን ላዩ ላይ እንምታው፤ ወጪ ይቀንሳል፣ ቤቱም ይሞቃል» አለ አልሽ። ወንድምሽም ከአሜሪካ ደውሎ ይህንኑ ደግፏል። ወንድምሽ አልዋሸም። እነሱ አገር ብዙው ቤት የሚከደነው ሬንጅ በጠጣ ስስ ንጣፍ ነው፤ ከሥሩ የተዘጋ ጣውላ ስላለ ምስማሩ የትም ቢያርፍ እንጨት ያገኛል። እዚያም ቢሆን ደንባቸው ሁለት ድርብ ባለበት ላይ ሦስተኛ መደረብን ይከለክላል። የእኛ ቤት ወራጅና ማገር ነው። ምስማር ማገሩን ከሳተ የሚያተርፍልሽ ቀዳዳ ነው፤ ቢያገኘውም የሚገባው ለዓመታት ሲረጥብ በኖረ እንጨት ውስጥ ነው። የሚያዝያ ንፋስ እንዲህ ያለውን ምስማር ሲነቅል ታውቂ የለ?

ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ከዝገት የሚጠብቀው የለበሰው ስስ ዚንክ ነው። ብልሃቱን ሶሬል የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1837 አስመዘገበው። ዚንኩ ብረቱን የሚያድነው ራሱ ቀድሞ እየተበላ ነው። አዲሱን ቆርቆሮ በዛገው ላይ አስተኝተሽ መካከላቸው ሲረጥብ፣ ዚንኩ የራሱን ብረት ብቻ ሳይሆን የአሮጌውንም ዕዳ ይከፍላል፤ ቶሎም ያልቃል። ርጥበቱ ደግሞ አይቀርልሽም። የደብረ ማርቆስ ከፍታ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ የቤቱ እንፋሎት ቆርቆሮው ሥር ጤዛ ሆኖ ያድራል። በሁለት ቆርቆሮ መካከል የገባ ውሃ በሐምሌ መቼ ሊደርቅ ነው?

ስለ ሙቀቱ ብዙ አልልም። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ቢደረብ ያው ብርድ ነው። ሙቀት ከፈለጋችሁ ገንዘቡን ኮርኒሱ ላይ አውሉት።

የአያትሽን ሳር ቤት ታስታውሻለሽ። ያንን ሳር ያቆየው ጭሱ ነበር፤ ምድጃው እያደረቀው፣ ተባዩን እያባረረው። እዚህ እኛ ዘንድ ሳሩን ሳያነሱ ቆርቆሮ የመቱ ነበሩ። ምድጃው ወደ ማድ ቤት ሲወጣ ሳሩ ሻገተ፣ አይጥም ሰፈረበት። ከላይ ሲታይ ግን ቤቱ ያበራ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ እንጨቱን እዩ። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ የሠራበትን ቦታ ቅደዱና ወስፌ ይዛችሁ ማገሩን ውጉት፤ ወራጁንም ግድግዳው ላይ በሚያርፍበት በኩል። ጫፉ ብቻ ገብቶ ካቆመ ጤነኛ ነው። ከሰመጠና ዱቄት ካወጣ ምስጥ ወይም ነቀዝ ጨርሶታል። የዛሬ ቤት ባህር ዛፍ ነው፤ እንደ ድሮው ጽድ ምስጥን አይቋቋምም። እንጨቱ ደህና ከሆነና ቆርቆሮው ከመደብዘዝ በቀር ካልዛገ፣ አዲስ ምን ያደርግላችኋል? የላላውን ምስማር ቀይራችሁ ቀለም ቀቡት። ቆርቆሮው ከዛገ ደግሞ ይነሳ። መደረብ የሚያስኬደው ዝናብ ደርሶባችሁ አንድ ክረምት ለመሻገር ብቻ ነው፤ እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ።

አናጢው ሥራውን በቁርጥ ከያዘ መደረቡ ለእሱ ይቀለዋል፤ አልፈርድበትም። ማንሳቱን ለብቻው ዋጋ ቁረጡለት። ከማዘጋጃ ቤት የእድሳት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። የካቲትና መጋቢት ጥሩ ነው፤ አጨዳና ውቂያ አልቆ የቀን ሠራተኛ ይገኛል። ጣሪያውን በአንድ ጊዜ አታስገልጡት፤ አንዱ ክንፍ ተከድኖ ሲያልቅ ሌላው ይነሳ፣ ሸራም አይጥፋ።

ቆርቆሮ ስትገዙ የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ብረቱ እንደሚሳሳ አትርሱ። 35 ከ28 ይረክሳል፤ የጮቄ ተራራ በረዶ ሲወርድበት ግን ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ምስማሩም ከፍ ባለው ሸንተረር ላይ ይመታ፤ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ላይ ሲመታ ካየሽ ሥራውን አስቁሚ።

ከአሮጌው የሚሻለው ለአጥርና ለዶሮ ቤት ይሆናል፣ የቀረውን ለቆራሌው ስጡት። የወደቀ ምስማር ግቢው ውስጥ አይቅር፤ መንጋጋ ቆልፍ ቀልድ አይደለም።

ቆርቆሮ ከመግዛታችሁ በፊት እንጨቱን አይታችሁ ደውሉልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ።

አባትሽ