አባቴ በወረደበት ወደብ

ጃፓንና ኮሪያን በመርከብ መጎብኘት ለእኛ ዕድሜ ይመቻል፤ ሻንጣ መጎተት የለም፣ ተኝታችሁ አድራችሁ ጠዋት ሌላ ወደብ ናችሁ። ምግቡ ግን ይበዛል፤ ስኳርና ደም ግፊት ያለባችሁ ተጠንቀቁ።

በናጋሳኪ የአቶሚክ ቦምብ ሙዚየም የቆመ ሰዓት አለ። ቦምቡ የፈነዳው ነሐሴ 3 ቀን 1937 ዓ.ም ረፋድ፣ በእኛ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ነው። የሕክምና ኮሌጁ ቅርብ ስለነበር ብዙ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ተማሪዎች አልቀዋል። ነርስ ነኝና እዚያ ቆየሁ።

ከዚያ ቡሳን፣ ኮሪያ። በጃጋልቺ ዓሣ ገበያ አንዲት አሮጊት መልሱን ስትሰጠኝ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ነው፤ ልክ እንደ እኛ።

አባቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር በ1943 ዓ.ም ከመርከብ የወረደው እዚሁ ነው። ስለ ጦርነቱ አያወራም ነበር፤ ስለ ብርዱና እዚያ ስለቀረ አንድ ጓደኛው ብቻ። በተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የእኛዎቹ መቃብር የላቸውም፤ አጽማቸው አገር ቤት ገብቷል። ስማቸው ግን ከ40,000 በላይ ስም በተቀረጸበት የድንጋይ ግድግዳ ላይ አለ። በላቲን ፊደል ስለሆነ ፍለጋው አደከመኝ። አገኘሁት። በመዳፌ ዳሰስኩት፣ ፎቶ አንስቼም ለሴት ልጁ ላክሁላት፤ እሷም ዛሬ አያት ናት። አባቷን በስም ብቻ ነው የምታውቀው።