ቶሮንቶ፣ ሞጆ እና የሌዝቢያን ሴት ምስል

በቶሮንቶ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስለ ሌዝቢያን ሴቶች የያዘው ምስል ከሁለት ምንጭ የተቀዳ ነው፤ አንዱ ከሀገር ቤት ይዞት የመጣው ሐሜት፣ ሌላው በፊልምና በቴሌቪዥን ያየው ታሪክ። ሁለቱ በብዙ ነገር ይራራቃሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። እንዲህ ያለች ሴት ገና ስትታይ ትታወቃለች ይላሉ፦ ፀጉሯ አጭር፣ አረማመዷ ወንዳወንድ፣ ኑሮዋ የተመሰቃቀለ፣ መጨረሻዋ የማያምር። ከተማው ውስጥ ጥቂት ዓመት የቆየ ሰው በዚህ ምልክት ማንንም መለየት እንደማይቻል ይረዳል። ምልክቱ ግን ሐሰት ሆኖም ሰው ይጎዳል።

ከሞጆ፣ ከአዳማ ወይም ከመቂ ወደ ካናዳ የሚደወል ስልክ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራውና ስለሚላከው ገንዘብ ከተወራ በኋላ ብዙ ጊዜ እዚህ ጉዳይ ላይ ይደርሳል። «ሴትና ሴት ይጋባሉ የሚባለው እውነት ነው እንዴ?» «ልጆቹን ትምህርት ቤት ምንድነው የሚያስተምሯቸው?» «አንቺስ ልጄ፣ ለምንድነው የማታገቢው?» ሦስተኛው ብቻውን ሲነሣ የቆየ የእናት ጭንቀት ነው፤ ከሁለቱ ቀጥሎ ሲመጣ ግን ጥርጣሬ ያዘለ ይሆናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው። ቶሮንቶ በምትገኝበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ እ.ኤ.አ. በጁን 2003 በፍርድ ቤት ውሳኔ ተፈቀደ፤ በጁላይ 2005 ደግሞ የመላው ካናዳ ሕግ ሆነ። የቀሩት ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት ምስሉ ከየት እንደመጣ ሲታወቅ ነው።

በሀገር ቤት የሚነገረው ምስል አራት መልክ አለው። አንደኛ፣ ነገሩ ከፈረንጅ የመጣ ነው ይባላል። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ያላት ሴት ድሃዋን የምታማልልበት ነው። ሦስተኛ፣ ወንድ የበደላት ወይም ባል ያጣች ሴት ተስፋ ስትቆርጥ የምትገባበት ነው። አራተኛ፣ አለባበስና ድምፅ ያሳብቃል።

ከፈረንጅ መጣ የሚለው በሀገሪቱ በራሷ ሕግ ይፈተናል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት ይከለክል ነበር። በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ስርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ሳተላይትና ኢንተርኔት የመጡት ደግሞ ከዚያ በብዙ ዓመታት ዘግይተው ነው። ሕግ አውጪው ሊከለክለው የሚገባ ነገር አለ ብሎ ያሰበው እንግዲህ የውጭ ፊልም በቴሌቪዥን ሞጆ ከመድረሱ ብዙ ቀድሞ ነው። የዚያን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጀው ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ምሁር ዣን ግራቨን ስለነበር፣ ከውጭ የገባ ነገር ይቆጠር ከተባለ የሕጉ አጻጻፍም አብሮ መቆጠር አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሁኑ የወንጀል ሕግ ክልከላውን በአንቀጽ 629 አስቀጥሎ ወንድንም ሴትንም በቀላል እስራት ይቀጣል።

ከሕጉ በላይ የሚሰማው ግን የአደባባዩ ድምፅ ነው። በ2001 ዓ.ም. የሃይማኖት መሪዎች ክልከላው በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ ጠየቁ። በ2006 ዓ.ም. ድርጊቱን ይቅርታ ከማያሰጡ ወንጀሎች ጋር ለመመደብ የቀረበው ሐሳብም፣ አዲስ አበባ ላይ ሊደረግ ታስቦ የነበረው የተቃውሞ ሰልፍም ቀርተዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ይገናኙባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ አስታወቀ፤ በዚያው ሰሞን በቲክቶክ ሰዎችን በፎቶ እያጋለጡ ጥቃት እንዲደርስባቸው የሚጣሩ ተንቀሳቃሽ ምስሎች ተሰራጩ።

በዚህ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ሴቶች እምብዛም አይነሡም። ስድቡም ቁጣውም በዋናነት ወንድ ላይ ያነጣጥራል። ሁለት ሴቶች አንድ አልጋ ላይ ቢተኙ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገበያ ቢወጡ፣ አንዷ የሌላዋን ፀጉር እየሠራች ጉልበቷ ላይ ብታስተኛት ማንም ዞር ብሎ አያይም። ሴቲቱ የምትታየው አላገባም ስትል ነው። ያኔ «ቆማ ቀረች» ይባላል፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ጸበል ይታዘዛል። እንግሊዝም ዝምታን መርጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 የሴቶችን ግንኙነት ወንጀል የሚያደርግ አንቀጽ ለፓርላማ ሲቀርብ የላይኛው ምክር ቤት የጣለው ለሴቶቹ አዝኖ አልነበረም፤ ነገሩን በሕግ መጥራት ያልሰሙት ሴቶች እንዲሰሙት ያደርጋል ብሎ ፈርቶ ነው።

በምዕራቡ ዓለም ዝምታው ሲሰበር የመጣው የመጀመሪያው ምስል ወንዳወንዷ ሴት ነች። እ.ኤ.አ. በ1928 የታተመው የራድክሊፍ ሆል «ዘ ዌል ኦቭ ሎንሊነስ» የተባለው ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ስቲቨን የሚል የወንድ ስም ያላት፣ ፈረስ የምትጋልብ፣ ሱሪ የምትወድ ሴት ነበረች። የለንደን ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት መጽሐፉ እንዲወድም ወሰነ፤ ምስሉ ግን ተርፎ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሌዝቢያን ሴት መታወቂያ ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው ምስል በሞት የምትቀጣዋ ሴት ነች። ከ1934 እስከ 1968 የሆሊውድን ፊልሞች የገዛው ሄይስ ኮድ የተባለው ደንብ እንዲህ ያለ ፍቅር በፊልም እንዳይታይ ከለከለ። የሊሊያን ሄልማን ቲያትር ሁለት መምህራት ይዋደዳሉ ተብሎ ስለተነዛ ሐሜት ይናገራል፤ ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር በ1936 ወደ ፊልም ሲቀይረው ሐሜቱ የሁለት ሴቶችና የአንድ ወንድ ቅናት ሆነ። ያው ዋይለር በ1961 ኦድሪ ሄፕበርንንና ሸርሊ ማክሌንን ይዞ ታሪኩን እንደነበረ መለሰው፤ ነገር ግን ፍቅሯን የተናገረችው መምህርት ራሷን ሰቅላ ትሞታለች። በ1952 «ስፕሪንግ ፋየር» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈችው ማሪጄን ሚከር፣ የፖስታ ቤት ተቆጣጣሪዎች መጽሐፉን እንዳይወርሱት መጨረሻው ደስ የሚል እንዳይሆን በአሳታሚዋ ታዛለች። የሞት ልማዱ ከደንቡ በኋላም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2016 «ዘ ሀንድረድ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ሌክሳ የተባለችው ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ ከፍቅረኛዋ ጋር ከተገናኘች ከደቂቃዎች በኋላ በተባራሪ ጥይት ስትሞት ተመልካቾች አመፁ፤ ዋና አዘጋጁም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ።

ሦስተኛው ምስል አደገኛዋ ሴት ነች። «ቤዚክ ኢንስቲንክት» የተባለው ፊልም በ1991 ሳን ፍራንሲስኮ ሲቀረጽ ሰልፈኞች ቀረጻውን ለማስቆም የወጡት ሴት የምታፈቅር ሴትን ከነፍሰ ገዳይ ጋር ስላዛመደ ነበር። አራተኛው ምስል ሁለት ሴቶችን ለወንድ ተመልካች መዝናኛ ያደርጋል፤ በስልክ ከሀገር ወደ ሀገር በቀላሉ የሚሻገረውም ይህ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሌላ ዓይነት ምስል መጣ። ኮሜዲያኗ ኤለን ደጀነረስ በ1997 ስለ ራሷ በይፋ ተናገረች፤ በ2004 የጀመረው «ዘ ኤል ዎርድ» የተባለው ተከታታይ ፊልም ደግሞ የሎስ አንጀለስ ሴቶችን ቆንጆ፣ ቀጭንና ሀብታም አድርጎ አሳየ። ማሸማቀቁ ቀነሰ፤ ለፋብሪካ ሠራተኛዋ፣ ለጥቁሯ፣ ለስደተኛዋ ግን ቦታው አሁንም ጠባብ ነበር።

ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣው ሥራ የኬንያዋ ዋኑሪ ካሂዩ «ራፊኪ» ነው። ፊልሙ በ2018 ካን ፌስቲቫል ላይ የታየ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ሲሆን በሀገሩ ታገደ፤ በመስከረም ወር ፍርድ ቤት ለሰባት ቀን ብቻ ፈቀደለት። የተነሣው «ጃምቡላ ትሪ» ከተባለው የኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ደ ኔኮ አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ይኸው ታሪክ በ2007 የኬይን ሽልማትን አግኝቷል። በፊልሙ የሚፋቀሩት ሁለት ልጃገረዶች የናይሮቢ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ የጎረቤት ወሬ ይፈራሉ። ፈረንጅ የለም፤ የሚያማልል ገንዘብም የለም።

በቶሮንቶ የዕለት ኑሮ እነዚህን ምስሎች አንድ በአንድ ያፈርሳል። አዲስ መጪዋ ሥራ የምታገኘው ብዙ ጊዜ በመጋዘን ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ ቤት ነው። መጋዘን ውስጥ ጫፉ ብረት ያለው ጫማ ብዙ ጊዜ ግዴታ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ወፍራም ካፖርት፣ ሱሪና ቦት ይጨመርበታል፤ ሹሩባ ለመሠራት ጊዜም ገንዘብም ስለሚያጥር ፀጉር ይቆረጣል። ፎቶው ሞጆ ሲደርስ «ወንድ መሰለች» ይባላል። በዚያው በሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ቱታና የጎማ ቦት አድርጋ የምትውለውን ሴት ግን እንጀራዋን ፈልጋ ነው ብሎ የሚያልፋት ያው ሰው ነው። በተቃራኒው ሁለት ኢትዮጵያውያን ጓደኛሞች በዳንፎርዝ ጎዳና እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ የከተማው ሰው ፍቅረኛሞች ናቸው ብሎ ያስባል፤ ይህን ሲያውቁ ብዙዎች እጃቸውን ይለቃሉ። ሀገር ቤት ፍቅር ያልተባለው እዚህ ፍቅር ይባላል፤ እዚህ የሥራ ልብስ የሆነው እዚያ ምልክት ይሆናል።

በጁን መጨረሻ የሚደረገው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የፕራይድ ሰልፍ ሌላው የወሬ ምንጭ ነው። በዚያ ቀን የሚታየው ቀለምና ራቁትነት በዩቲዩብ ሀገር ቤት ይደርሳል፤ በቀረው ዓመት አውቶቡስ የሚነዱት፣ ሆስፒታል የሚያድሩት፣ የቤት ኪራይ የሚጨንቃቸው ሴቶች ግን አይቀረጹም። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ምስሉን የሰበረችው ካትሊን ዊን ነች። ከፌብሩዋሪ 2013 እስከ 2018 የኦንታሪዮ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ይህች ሴት ቀድሞ ባል ያገባች፣ ሦስት ልጆች የወለደች፣ የልጅ ልጅ ያየች ሌዝቢያን ነች። ኢትዮጵያውያኑ ያወሩ የነበረው ስለ መብራት ዋጋዋና ስለ ግብሯ ነበር።

ጠቡ የመጣው በትምህርት ቤት በኩል ነው። የዊን መንግሥት በ2015 አዲስ የጤናና የሥነ ጾታ ትምህርት ሥርዓት ሲያወጣ ከልዩ ልዩ ሀገር የመጡ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ተቃወሙ። ልጅን በራስ እምነት የማሳደግ ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ከዚያ አልፎ ትምህርቱ ልጅን ሌዝቢያን ያደርጋል የሚለው ፍርሃት ግን ነገሩ ይጋባል ከሚለው የሀገር ቤት ሐሜት የተወረሰ ነው።

ምስሉ የሰው ዕጣ የሚወስነው በስደተኞች ቦርድ ፊት ነው። ሴት ስለምታፈቅር ሀገሬ መመለስ አልችልም የምትል አመልካች ይህን ማሳመን አለባት። እ.ኤ.አ. በ2015 ናይጄሪያዊቷ አደሮንኬ አፓታ በለንደን ፍርድ ቤት ስትከራከር፣ የመንግሥት ጠበቃ ልጆች ስላሏት ሌዝቢያን ልትሆን አትችልም ብሎ ነበር፤ ጥገኝነቱን ያገኘችው በ2017 ነው። በዚህ መለኪያ ካትሊን ዊንም ባላለፈች ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2014 በተለመደ አመለካከት ብቻ መፍረድንና ገበና የሚያጋልጥ ማስረጃ መቀበልን ከለከለ። የካናዳ ስደተኞች ቦርድም በሜይ 2017 ባወጣው ዘጠነኛ መመሪያ ዳኞች በመልክ፣ በአለባበስ ወይም በቀድሞ ጋብቻ እንዳይፈርዱ አስጠነቀቀ።

ለኢትዮጵያዊቷ ሌላም ችግር አለ፤ አስተርጓሚው። ማኅበረሰቡ ጠባብ ስለሆነ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚያስተረጉመው ሰው በእሑድ ቅዳሴ ወይም በዕድር የሚያውቃት ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ የሚያሰጋት ሰው ከተመደበም በጠበቃ በኩል በጊዜ ማመልከት ይሻላል። በቸርች ጎዳና ያለው «ዘ ፋይቭ ናይንቲን» የተባለው የማኅበረሰብ ማዕከል ለእንዲህ ያሉ ስደተኞች ድጋፍ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በከተማዋ የተቋቋመው ሬይንቦ ሬይልሮድም ከየሀገሩ የሚሸሹትን ይረዳል። በኢትዮጵያውያን ቡና ላይ ግን «ለወረቀት ብላ ነው» የሚል ወሬ ይነሣል። የሚዋሽ አይጠፋም፤ እውነቱን የሚያጣራው ቦርዱ ነው። ወሬው የሚጎዳው እውነተኛዋን ነው፤ ሀገር ቤት ፈረንጅ ያበላሻት ተብላ፣ እዚህ ደግሞ ፈረንጅ የምታታልል ተብላ ሁለት ጊዜ ትከሰሳለች።

ዋጋውን የሚከፍሉት ሌዝቢያን የሆኑት ብቻም አይደሉም። ትምህርቷን ስትጨርስ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላት፣ ኳስ የምትጫወት፣ ከባድ መኪና መንዳት የተማረች፣ ከባል ዱላ ሸሽታ የወጣች ሴት ሁሉ በዚያው ሚዛን ትመዘናለች። አንዳንዷ ከሀገር የወጣችበትን ምክንያት ለቤተሰብ «ሥራ» ብላ ትናገራለች፤ ያልተናገረችው ግማሹ በሰው ዓይን ሳትለካ ቤት ተከራይታ መኖር ነው። ይሉኝታ የታመመን ያስጠይቃል፣ የሞተን ያስቀብራል፤ ያላገባችን ሴት ግን እረፍት ይነሣል።

የኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሰውን በሚያፈቅረው ጾታ ምክንያት ከሥራ፣ ከቤት ኪራይና ከአገልግሎት መከልከልን ያግዳል። ዘርንና ሃይማኖትን የሚጠብቀውም ይኸው ሕግ ነው። ሂጃብ ለብሳ ወይም ማተብ አስራ ወደ መጋዘን የምትገባው የሞጆ ልጅና ከጎኗ ዕቃ የምትደረድረው ሌዝቢያን ሴት ለአሠሪው የሚያሳዩት አንድ ሕግ ነው፤ አንዷን ከጥበቃው ማውጣት የፈለገ ሌላዋንም ያጋልጣል።