ፈሰስና እርማት

ታናሽ ወንድሜ የኮምፒውተር ሰው ነው። ሙያውን ለእናታችን ማስረዳት ሲያቅተው «የማሽን እረኛ ነኝ» ይላታል። እሷም «ለመሆኑ መንጋህ ስንት ደረሰ?» እያለች ትስቅበታለች። በነሐሴ 2017 አንድ ሌሊት ደወለልኝና «እትዬ፣ መንጋው በሙሉ ቆሟል» አለኝ። አባባሉ የቀልድ ቢሆንም ድምፁ የቀልድ አልነበረም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ወንድሜ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት በርካታ ሰርቨሮች አሉ። ቀደም ሲል እነዚህን ማሽኖች ለማደስ ባለሙያው ተራ በተራ ይገባባቸው ነበር። ዛሬ ይህን የሚሠራው አንሲብል የሚባል መሣሪያ ነው። ባለሙያው «ይህ ፕሮግራም ይጫን፣ ያኛው በር ይዘጋ» ብሎ ትእዛዙን አንድ ጊዜ ይጽፋል፤ መሣሪያው ለሁሉም ማሽን ያዳርሳል። የታዘዘው ነገር ቀድሞ ተሠርቶ ካገኘውም ሳይነካው ያልፋል። ማይክል ዲሃን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው ያወጣው። ስሙ የተወሰደው ኧርሱላ ለ ጉዊን በ1966 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ከፈጠረችው፣ መልእክትን ከኮከብ ወደ ኮከብ በቅጽበት ከሚያደርስ መሣሪያ ነው። በ2015 ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ቢገዛውም ኮዱ ዛሬም ለማንም ክፍት ነው፤ ስህተት ያገኘ ሁሉ ማመልከት፣ ከቻለም አርሞ መላክ ይችላል።

እኔን ያስገረመኝ መሣሪያው ተሠርቶ አለማለቁ ነው። ዋናው ክፍል በየስድስት ወሩ ገደማ በአዲስ እትም ይወጣል፤ በመካከሉም በየአራት ሳምንቱ ያህል ይጠገናል። ከእያንዳንዱ እትም ጋር የለውጥ መዝገብ ይወጣል። ምን ተለወጠ? ምን ተወገደ? የትኛው ቀዳዳ ተደፈነ? የትኛው ስህተት ታረመ? የትኛውስ ገና ሳይታረም ቀረ? ሁሉም በየርዕሱ ተዘርዝሯል። ሠሪዎቹ በራሳቸው ላይ የሚሰጡት ቃል ነው ማለት ይቻላል።

በሐምሌ 2017 የወጣው 2.19 የተባለው እትም አንድ የቆየ ልማድ አስቀረ። «እንዲህ ከሆነ ቀጥል» የሚል ትእዛዝ ሲጻፍ የሚጠበቀው መልስ እውነት ወይም ሐሰት ነው። የቀድሞዎቹ እትሞች ግን መልሱ ተራ ቃል ሆኖ ሲመጣ፣ ባዶ እስካልሆነ ድረስ እንደ «አዎ» ቆጥረው ያልፉ ነበር። አዲሱ ግን እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ስህተት ነው ብሎ ይቆማል።

ወንድሜ መጀመሪያ የረገመው መሣሪያውን ነው። «የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን ጣሉ፤ ደህና ይሠራ የነበረውን አበላሹብኝ!» አለ። ሊነጋጋ ሲል መልሶ ደወለ። ከሦስት ዓመት በፊት በገዛ እጁ «መጠባበቂያ ቅጂ ከተቀመጠ ቀጥል» ብሎ የጻፈውን ትእዛዝ አግኝቶታል። መልሱ «አልተቀመጠም» ተብሎ ሲመጣ እንኳ፣ ቃል ነውና፣ እንደ «አዎ» እየተቆጠረ ሥራው ይቀጥል ኖሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ ደህና ነው የተባለው ነገር ደህና አልነበረም፤ አደጋው ስላልደረሰ ብቻ ማንም አላየውም።

«ማንም አላወቀብኝም፤ አርሜው ዝም ልበል ወይስ ልንገራቸው?» ሲል ጠየቀኝ።

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። ትዝ ያለኝ አባታችን ነው።

እኛ የተወለድነው መካነ ሰላም አጠገብ፣ በወሎ ቦረና ደጋ ነው። መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። ገበሬው ከዘራ በኋላ የተረፈ ውሃ አፈሩን እንዳይጠርግበት ማሳውን አግድም የሚያቋርጥ ቦይ በማረሻው ያወጣል። ፈሰስ ይባላል። ቁልቁል ከበዛበት ራሱ ጎርፍ ይሆናል፤ ከልክ በላይ ከተጋደመ ሞልቶ ይፈስሳል። በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ሲታረስ ይጠፋና እንደገና ይወጣል። አለቀ የሚባል ፈሰስ የለም።

አንድ ክረምት አባባ ያወጣው ፈሰስ ቁልቁል በዝቶበት ከታች ያለውን የጎረቤታችንን የስንዴ ማሳ ለሁለት ሰነጠቀው። ዝናቡ ሌሊት ስለጣለ ጎረቤታችን ገና አላየም። አባባ ጎህ ሲቀድ ዶማውን ይዞ ወጣ፤ እኔና ወንድሜ ተከተልነው። ፈሰሱን ደፍኖ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በቀጥታ ሄዶ ከጎረቤታችን ደጅ ቆመ።

«አያ፣ ማሳህን የቀደደው የኔ ፈሰስ ነው። መጥተህ እየውና አብረን እናቅናው» አለው።

ጎረቤታችን ብዙ ተናገረ፤ አባባም አንገቱን ደፍቶ ሰማ። በኋላ ግን ውሃው የት ላይ መታጠፍ እንዳለበት ያሳየው ያው ጎረቤታችን ነበር። ለካ ውሃው የሚያደርሰውን አጥርቶ የሚያውቅ ከታች ያለ ሰው ነው።

ይህን ሳስታውሰው ወንድሜ ጥቂት ዝም አለና «እኔስ ረስቼው ነበር» አለኝ። ጠዋት ለአለቃው ተናገረ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። በዚያው ሳምንት ባልደረቦቹ የየራሳቸውን ትእዛዝ ሲፈትሹ ተመሳሳይ ስህተት በሌላም ቦታ ተገኘ።

በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት የቻሉበትን ሌሊት ታስታውሳላችሁ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ ከተደረገ ጥገናና ፍተሻ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ባንኩ ተወሰደብኝ ያለው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። እኔም እንደ ሌላው ሰው ስለወሰዱት ተማሪዎች ሳወራ ከረምኩ። ምን ነገር ሲጠገን ምን እንደተበላሸ ለማወቅ ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አላነሳሁም። የሰረቀን ማውገዝ ይቀናናል፤ ስህተት በየት በኩል እንደገባ መጠየቅ ግን ገና አልለመደብንም።

ወንድሜን ለመምከር አፌ የተያዘበትን ምክንያት አሁን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሳተምኩት አንድ ጽሑፍ የደጋው አፈር የሚታጠበው ገበሬው ውሃን መምራት ስለማያውቅ ነው ብዬ ነበር። ከመካነ ሰላም አንድ አንባቢ ደውለው «ልጄ፣ ፈሰስን የት ጣልሽው?» አሉኝ። አፈርኩ። በሚቀጥለው እትም አርማለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው፤ ግን አላረምኩም። ከእሳቸው በቀር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም እንደ ወንድሜ መሣሪያ ዝምታውን «አዎ» ብዬ ቆጥሬው አለፍኩ።

በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እርማት በአጭሩ፣ ያለ ምክንያት ድርደራ ይጻፍ ተብለናል። እነሆ፦ የደጋው ገበሬ ውሃን መምራት አያውቅም ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነው። ያውቃል፤ በየዓመቱም ያቀናዋል። ስህተቱ የኔ ነው። አንባቢዬን ይቅርታ እጠይቃለሁ።